ድመት መንኩሳ ሽንት ቤት ገባች

ድመት ሽንት ቤት ትማር ተባለ። የሰው ሽንት ቤት! ባለመቀመጫው፣ ባለክዳኑ፣ ውኃ የሚለቀቅበት ነጭ ሸክላ ላይ ወጥታ፣ አራት እግሯን ጠርዙ ላይ ደርድራ፣ ጅራቷን ቀስራ፣ እንደ ሹም ትቀመጥ ተባለ። ይህን ያለኝ ጠላት ቢሆን ባልከፋኝ፤ የገዛ የልጅ ልጄ ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ፣ ድመት በገንዘብ ገዝቶ፣ ለፋሲካ ወደ ከተማችን ወደ ነገሌ ሲመጣ በካርቶን አቅፎ አመጣት። ድመት በገንዘብ! እኛ የምናውቃት ድመት ስትወልድ ጎረቤቱ ሁሉ “እባካችሁ አንድ ውሰዱልን” እየተባለ የሚለመንባት ናት።

“አባባ፣ አይቆጡ። እሷ አፈር አትነካም፤ ሽንት ቤት እየተማረች ነው” አለኝ።

ባለቤቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ሽበታም ሰው ፊደል ሲቆጥር አይቻለሁ፤ አስተምሬማለሁ። የድመት መሠረተ ትምህርት ግን እስከዚያ ቀን አልሰማሁም ነበር።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የምትጸዳዳበትን ባለአሸዋ ሳህን ከሽንት ቤቱ መቀመጫ አጠገብ ታኖራለህ። ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ከሥሩ ጋዜጣም ካርቶንም መጽሐፍም እየደረብክ፣ ከመቀመጫው እኩል እስኪሆን ከፍ ታደርገዋለህ። ቀጥሎ ሳህኑን መቀመጫው ውስጥ ትገጥምና መሐሉን ትበሳለህ። ቀዳዳውን ቀን በቀን እያሰፋህ፣ አሸዋውን እየቀነስክ ትሄዳለህ። በስተመጨረሻ ሳህንም የለም፣ አሸዋም የለም፤ ድመቲቱና ገደሉ ብቻ ተፋጥጠው ይቀራሉ። ጉዱን በስልኩ ሲያሳየኝ ከሳህኑ ሥር የተነጠፈውን መጽሐፍ አወቅሁት፤ ለምረቃው የሰጠሁት መዝገበ ቃላት ነው። ከፊደል ሁሉ በላይ ተቀምጣ ትጸዳዳበታለች!

ይህ እብደት የዛሬ እንዳይመስላችሁ። ቻርልስ ሚንገስ የሚባል ስመ ጥር አሜሪካዊ የጃዝ ሙዚቀኛ፣ ኮንትራባስ ተጫዋች፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ናይትላይፍ ብሎ የሰየመውን ድመት ሽንት ቤት ማስተማሩ ሳያንሰው ዘዴውን በትንሽ መጽሐፍ ጽፎ አሰራጭቷል። ካርቶን ውሰዱ፣ ጋዜጣ ቀዳዳችሁ ሙሉበት፣ ቀስ በቀስ ወደ ሽንት ቤቱ አስጠጉት፣ ብቻ አትቸኩሉ ይላል ምክሩ። የልጅ ልጄ ይህን ሲተርክልኝ ቆይቶ፣ “የትውልድ ከተማውስ የት መሰለዎት? ኖጋሌስ!” አለኝ።

“ነገሌ? የማን ልጅ ነው?” ብዬ ልነሳ ስል፣ “ኖጋሌስ ነው አባባ፣ አሪዞና፣ የሜክሲኮ ድንበር ላይ” አለ። ተመስገን አልኩ። የእኛዋ ነገሌ በስሟ የነገደባት አላጣችም፤ የኢጣሊያው ጄኔራል ግራዚያኒ በጥር 1928 ዓ.ም. ገብቶባት “የነገሌ ማርኬዝ” የሚል ማዕረግ አንጠልጥሎ ኖሯል። በዚያ ላይ ድመት ሽንት ቤት አስገቢ ቢጨመርባት ምን ይውጣት ነበር?

ኋላማ ሆሊውድም ገባበት። በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ ፊልም ሮበርት ዴኒሮ አማቹን ቁም ስቅል ሲያሳይ፣ ቤቱ ያለው ድመት ግን ባለመቀመጫ ሽንት ቤት ይጠቀማል። አውስትራሊያኖቹ ደግሞ ለዚሁ ትምህርት ቀይ፣ ብጫና አረንጓዴ ቀለበት ሠርተው ሸጡ፤ ድመቷ ከቀዩ ጀምራ አረንጓዴው ላይ ስትደርስ ትመረቃለች። ጥቁር ካባና ቆብ ብቻ ነው የቀራት።

እሺ፣ ፈረንጅ ያድርገው። ቧንቧው ሲንዶቀዶቅለት ውሎ ያድራል። እኛስ?

እስቲ እናስላው፤ ሒሳብ ያስተማርኩት በከንቱ አይደለም። የዛሬ ሽንት ቤት አንዴ ሲለቀቅ 6 ሊትር ያህል ውኃ ይወስዳል፤ የድሮዎቹ 9ም 13ም ይውጣሉ። ድመት ሽንቷም ዓይነ ምድሯም ተደምሮ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትወጣለች። ስለዚህ አንዲት ድመት አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ 20 ሊትር ሙሉ፣ በቀን ትደፋለች ማለት ነው። በዓለም አቀፍ የእርዳታ መለኪያ አንድ ስደተኛ በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ይድረሰው ይባላል፤ ለመጠጡም፣ ለማብሰያውም፣ ለገላውም። ከእኛ ወደ ታች፣ ፊልቱን አልፎ፣ ዶሎ አዶ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሶማሊያ ስደተኞች የሰፈሩባቸው ጣቢያዎች አሉ። እዚያ ያለች እናት በ15 ሊትር ታድራለች፣ የኮንዶሚኒየም ድመት በ20 ሊትር ሽንቷን ታስወስዳለች። ይህን ለማን አቤት ይሏል?

ውኃ ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ዱብሉቅ ይውረድ። ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥንታዊ ጉድጓዶች ጥልቀታቸው እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ጎልማሶቹ ከታች እስከ ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፣ ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ፣ ላብ እያጠመቃቸው ያጠጣሉ። ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል አለ፤ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ እሱ ካላለ ማንም አፉን አይከፍትም። በበጋ ላም በሦስት ቀን አንዴ ነው ተራ የሚደርሳት። እስቲ ወደ አባ ሄሬጋ ዘንድ ሂዱና፣ “ድመታችን ልትሸና ስለሆነ ተራ ይያዝላት” በሏቸው። ቆማችሁ መልሱን የምትሰሙ ከሆነ ደፋሮች ናችሁ። ያውም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገናና ሀገያ የሚባሉት የዝናብ ወቅቶች አምስት ጊዜ ተከታትለው ከድተውን፣ የከብቱ ሬሳ በየሜዳው ወድቆ ካየን ብዙም ሳንቆይ!

ለመሆኑ ይህች ከተማ በውኃ ምክንያት ምን እንዳደረገች ለልጆቻችን የነገራቸው አለ? በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሰፈረው አራተኛ ብርጌድ የውኃ ፓምፑ ተበላሸበት። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ተራው ወታደር ከእሱ እንዳይቀዳ ከለከሉት። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ወታደሩ አለቆቹን አሰረና አቤቱታውን ወደ ጃንሆይ ላከ። ጃንሆይ ነገሩን እንዲያዩ የላኳቸው ሌፍተናንት ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ነበር። ወታደሩ እኚህንም ትልቅ ሰው ያዛቸውና እሱ የሚበላውን አበላቸው፣ እሱ የሚጠጣውን አጠጣቸው። ጄኔራሉ ታመሙ። ወሬው ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ተዛመተ፤ በመስከረም 1967 ዙፋኑ ባዶ ቀረ። የአብዮቱን ምክንያት ምሁራን በየፊናቸው ይተንትኑት፤ እኛ ነገሌዎች ግን በፓምፕ እንደተጀመረ እናውቃለን። እንግዲህ ፓምፕ ተበላሽቶ ዘውድ በተነቃነቀበት ከተማ ነው ለድመት ውኃ ልቀቁላት የምንባለው።

ሰውስ? ሰው ራሱ ሽንት ቤት ተምሮ ጨረሰ? የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አንድ ላይ ባወጡት ዘገባ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ከመቶ ኢትዮጵያዊ 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ 29 ወርዷል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ስነጫነጭም እውነቱን አልክድም። የሠሩት ደግሞ በአብዛኛው አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች ናቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተብለው ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ጢሙን የሚያፍተለትል አባወራ ፊት ቆመው ስለ ሰገራ ያስተማሩ። በእኛ አገር ሴት ልጅ ይህን ለማድረግ ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልጋት አስቡት። አንድም ድመት አላስተማሩም፤ ሰው አልቆላቸው አያውቅም።

ከዚያማ በየቀበሌው መግቢያ “ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ የሆነ ቀበሌ” የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ሰሌዳው ቆንጆ ጥላ አለው። ሰው ከጥላው ሥር ቁጢጥ ብሎ ሳይ ግን ማንበብ አይችልም ብዬ አልፋለሁ።

አሁን የምናገረውን ስሟን በማልጠራት አንዲት የቆላ ከተማ አየሁት። አውቶቡሱ መናኸሪያ ገብቶ ለምሳ ቆመ። በእኔ ዕድሜ ያለ ወንድ ሦስት ሰዓት መንገድ ተቀምጦ ሲወርድ ምን እንደሚፈልግ ሐኪም አያስፈልገውም። የሕዝብ ሽንት ቤት አለ፤ በብሎኬት የተሠራ፣ ወንድና ሴት ተብሎ በቀለም የተጻፈበት፣ የብረት በሩ ላይ የጡጫ ያህል ቁልፍ የተንጠለጠለበት። “ቁልፉ ማን ጋ ነው?” ስል አንዱ ሻይ ሻጭዋን ጠቆመኝ። ሻይ ሻጭዋ ፓርኪንግ የሚያስከፍለውን ጠቆመችኝ። ፓርኪንግ የሚያስከፍለው፣ “ልጁ ጫት ሊገዛ ሄዷል፣ አሁን ይመጣል ጋሼ” አለኝ። አሁን የሚባለው ነገር በቆላ እስከ አሥር ሰዓት እንደሚደርስ የሚያውቅ ያውቃል። ሾፌሩ ጡሩንባውን መንፋት ጀመረ። ምን አማራጭ አለኝ? ከሽንት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ቁጥቋጦ ዞርኩ።

እዚያ አንዲት ግራጫ ድመት ነበረች፤ የማንም ያልሆነች፣ ጆሮዋ የተቦጨቀ። መሬቱን አሸተተች። ቦታው አልጣማትም፤ ሌላ ጋ ሄደች። በቀኝ እግሯ ትንሽ ጉድጓድ ቆፈረች፣ እንደገና አሸተተች፣ ዞራ በልኩ ተቀመጠችበት፤ ከዚያም ሩቅ እያየች ዝም አለች፣ የወረዳ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ያለች ይመስል። ስትጨርስ ተነሥታ አሸተተችው። አፈር አለበሰችው። አሸተተችው። አልረካችም፤ ከግራም ከቀኝም አምጥታ ጨመረችበት። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ አየት አድርጋኝ ሄደች። ከሁለታችን ሥራውን በሥርዓት የጨረሰው ማን እንደነበር ለመናገር ዳኛ አያስፈልግም።

እንዲህ ያለችውን ፍጡር ነው እንግዲህ እናስተምራት የሚሉት! የለማዳዋ ድመት ዘር ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት የመጣ ነው፤ ዘመዶቿ ዛሬም በእኛው ቆላ ቁጥቋጦ ውስጥ አሉ። አፈር መማስ በደሟ ነው። አሜሪካዊው ኤድ ሎው እ.ኤ.አ. በ1947 ይህን አስተዋለ። ጎረቤቱ ለድመቷ አሸዋ ስትጠይቀው የደረቀ ሸክላ አፈር ሰጣት፤ አፈሩ ጠረን የሚመጥ ሆኖ ተገኘ፤ በከረጢት እያሸገ ሸጠውና ባለጸጋ ሆነ። አፈር ሽጦ! ነገሌ ቀዩ አፈር እስከ ቅንድባችን ድረስ በነፃ ይለብሰናል፤ አንድ ነጋዴ እንኳ አላሸገውም።

የልጅ ልጄን ቪዲዮ እንደገና አየሁት። ያቺ የተማረች ድመት ሸክላው ላይ ወጥታ ጉዳይዋን ከጨረሰች በኋላ ምን እንደምታደርግ ልብ ብላችኋል? ነጩን ጠርዝ በእግሯ ትቧጥጣለች። ትቧጥጣለች፣ ታሸታለች፣ ትቧጥጣለች። አፈር ፍለጋ ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ያሉት አባቶች ኮንዶሚኒየም አላዩም፤ ድመት ግን አይተዋል። የእኛ ቤት ሽንት ቤት እንደምታውቁት ጉድጓድ ነው፤ መቀመጫ የለውም። ልጁ ሊያለማምዳት ከቀዳዳው አፍ ላይ ቢያኖራት ቁልቁል አየች፣ ፀጉሯን አቆመች፣ እጁን ቧጥጣ አመለጠችና በቀጥታ ባለቤቴ የጎመን መደብ ላይ ወጥታ፣ የስንት ወር ትምህርቷን በአንድ ጊዜ ቀበረችው። ባለቤቴ ያን ጊዜ መሳቋን አቆመች። እኔ ጀመርኩ።

ቀልዱን ትተን ደግሞ፣ ነገሩ ጤናም አይደለም። በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ተውሳክ ይወጣል፤ ለነፍሰ ጡር ሴትና ለጽንሷ አደገኛ ነው። ፍሳሽ ማጣሪያ ሁሉ አይገድለውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የባሕር ዳርቻ እንስሳት፣ ኦተር የሚባሉት፣ በዚሁ ተውሳክ ሲሞቱ ተገኙ። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የድመት አሸዋ ከረጢት ላይ “ሽንት ቤት አትድፉ” የሚል ምክር እንዲጻፍ አደረጉ። ያስተማሩን እነሱ፣ የከለከሉትም እነሱ። እኛ ሁልጊዜ የሚደርሰን የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው።

ወደ ውሻ ልምጣ፤ እሱንም ሽንት ቤት ያስገባሉ አሉ። ጎረቤቴ ሐጂ ይህን ሲሰሙ “ቤት ያልገባ ውሻ ሽንት ቤት በየት በኩል ይገባል?” ብለው ጠየቁኝ። መልስ አላገኘሁላቸውም። በዚህ አገር ውሻ ሥራው ሌሊት ነው። ጅብ አጥሩን ሲነቀንቅ፣ “ውሻው የት ሄደ?” ስትሉ “ሽንት ቤት ነው፣ ተይዟል” ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ?

የቼክና የጀርመን ተመራማሪዎች ደግሞ 70 ውሾች ለሁለት ዓመት ሲጸዳዱ ተከታትለው ጻፉ። ሥራ የሌለው ሰው አገር ጥሩ ነው። ያገኙት ግን አስደናቂ ነው፤ የምድር መግነጢስ ሲረጋ ውሻ ሰውነቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቅጣጫ አስተካክሎ ነው የሚጸዳዳው። በ2013 እ.ኤ.አ. አሳተሙት፣ በማግሥቱ ዓመት ለአስቂኝ ምርምር የሚሰጠውን ኢግ ኖቤል ተሸለሙበት። እንግዲህ የውሻ ሽንት ቤት የሚያሠራ ግንበኛውን ኮምፓስ ይግዛለት። መቀመጫው ወደ ምሥራቅ ከዞረ ውሻው ሆድ ድርቀት ይዞት ሊያድር ነው።

የተከበረ ውሻም አይተናል። የጃንሆይ ትንሿ ውሻ ሉሉ የታላላቆቹን ጫማ ስታረጥብ እየተከተለ በጨርቅ የሚጠርግ ሎሌ ነበር ብሎ ፖላንዳዊው ሪሻርድ ካፑሺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። የቤተ መንግሥት ሰዎች ፈጠራ ነው ብለው ተቆጥተውበታል፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ይሁንና ታሪኩ እውነት ቢሆን እንኳ ሎሌው ውሻዋን ሽንት ቤት ላስተምር አላለም፤ ጨርቁን ይዞ ዝም አለ።

ከድንበር ማዶ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ቱርካናዎች ዘንድ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነው የኖረው። ሕፃኑ ሲጸዳዳ ውሻው ይልሰዋል፤ ውኃ የለማ! ጥንት ብልሃት ነበር። ግን ከውሻው ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ እጢ ያበቅላል፤ በዚህ በሽታ ቱርካና በዓለም እጅግ ከተጠቁት ቦታዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። በእኛም በደቡብ አርብቶ አደር አካባቢ በሽታው አለ። ስለዚህ ከውሻ ጋር ያለን ጉዳይ ሽንት ቤት ማስገባት አይደለም። የታረደ ከብት ጉበት ጥሬውን አለመስጠት ነው፤ የመድኃኒቱን ኪኒን መስጠት ነው፤ ከሁሉም በፊት የእብድ ውሻ ክትባት ማስከተብ ነው። ክትባት የሌለው ውሻ ባለመቀመጫ ላይ ቢቀመጥ ማንን ያድናል?

አንተ የልጅ ልጄ ይህን ካነበብክ፣ መሐንዲስ ነህ፤ ለዚያውም እኔ ጡረታዬን እየቆነጠርኩ ያስተማርኩህ። በስደተኛ ጣቢያ መለኪያ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ይገባል ይላሉ፤ የእኛ መናኸሪያዎች ስንት ሰው እንደሚያወርዱ ሄደህ ቁጠርና ንድፉን ሥራ። ድመቷን ለአያትህ ተውላት፤ ጎመኑ አጠገብ አሸዋ ደፍተንላታል። መዝገበ ቃላቱን ግን ጠራርገህ መልስልኝ። ያ ጫት ሊገዛ የሄደው ልጅ ደግሞ ከተመለሰ፣ እባካችሁ ቁልፉን ተቀበሉትና በሩን ክፈቱት፤ ሰው ቆሟል።